«ብንዋሽ ያዙን»

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የታሪክ ማኅበራችን ተሰበሰበ፤ ጉዳዩ በአሶሳ መቶኛ ዓመት በዓል የሚደረገውን የእግር ጉብኝት ማን ይምራ የሚል ነበር። ሁልጊዜ ይመሩልን የነበሩት አጎቴ በቅርቡ አርፈዋል፤ ፊት ፊት የሚሄድልን ሰው አጥተናል።

አጎቴ የአንድን ቤት ታሪክ ባለቤቶቹን ሳይጠሩ አይጀምሩም ነበር። በሩን አንኳኩተው፣ «አሰላሙ አለይኩም! ስለ ደጃችሁ ልናወራ ነው፤ ኑ ስሙ፣ ብንዋሽ ያዙን» ይላሉ። እኔ አፍሬ ከኋላ ስደበቅ፣ «ና እንጂ አንተ! በር አይነክስም» ይሉኛል። አፋቸውን የፈቱት በበርታ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። የወጣው ሰው አንዳንዴ ያርማቸዋል፣ አንዳንዴም ይሟገታቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በዚህ ደስ ይላቸዋል።

ሊቀመንበራችን፣ «እንግዳ ይበዛል፤ በር ማንኳኳቱ ይቅርና በድምፅ ማጉያ እንናገር» አሉ። የሚቃወም አልነበረም። የአጎቴ ልማድ አብሯቸው ሊቀበር መሆኑ ሲገባኝ እጄን አወጣሁ።

«እኔ አንኳኳለሁ» አልኩ። ሊቀመንበሩም ተስማሙና የነገው ጉብኝት መሪ እኔ ሆንኩ።

በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹን አስከትዬ ከድሮው ገበያ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያ በር አንኳኳሁ። በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ እናት ብቅ አሉ።

«ነፍሳቸውን ይማር፤ ዛሬ ማን ሊያወራ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ይምጡና ይስሙኝ።»

«ቆዪ፣ ነጠላዬን ላምጣ» ብለው ገቡ። እስኪመለሱ ድረስ እንግዶቹን ሁሉ አስቁሜ ጠበቅኳቸው።