የዞይላ የእንጨት ሣጥን

ዞይላ በኢሳቤላ ደሴት የኤሊ ጫጩቶች ተንከባካቢ ናት። በካፊያው ወራት አንዲት ጫጩት መብላት ስላቆመች፣ ቤቷ ወስዳ እንድታስታምማት አለቃዋ ፈቀደላት። ወጥ ቤቷ ውስጥ የእንጨት ሣጥን አስቀምጣ እርጥብ አፈር ሞላችበት። በአንዱ ጫፍ የሚያሞቅ አምፖል ሰቀለች፤ በሌላው ጥላ አበጀችላት፤ እዚያም ኤሊዎች የሚወዱትን ቁልቋል ቆርጣ አኖረችላት። የምትወጣበት እንዲኖራት ብላም አምፖሉ ሥር ድንጋይ ደረደረች።

ባሏ ፋውስቶ ሳቀባት። «ለኔ እንኳ እንዲህ አንጥፈሽልኝ አታውቂም!»

«አንተም ታመምና እናያለን።»

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ጫጩቷ ከድንጋዩ ተንሸራታ በጀርባዋ ወድቃለች። አምፖሉ ሆዷን ይለበልባታል፤ እግሮቿ አይንቀሳቀሱም።

«ፋውስቶ! ለብ ያለ ውሃ! ቶሎ በል!»

ፋውስቶ በሳህን ይዞ መጣ። ዞይላ ጫጩቷን አቃንታ፣ አንገቷን በጣቷ ደግፋ ውሃው ውስጥ አኖረቻት።

«ሞታለች እንዴ?»

«ዝም በል እባክህ!»

ሩብ ሰዓት ያህል እንዳጎነበሱ ቆዩ። በመጨረሻ አንዷ እግር ውሃውን ገፋች።

«እኔው ልገድላት ነበር እኮ» አለች ዞይላ እያለቀሰች። ድንጋዮቹን አውጥታ ጣለች፤ አምፖሉንም ከፍ አድርጋ ሰቀለችው።

በሦስተኛው ቀን ፋውስቶ ከወጥ ቤት ጮኸ። «ዞይላ፣ ነይ እዪ! ቁልቋሉን ገመጠችው!»