ዕጣ አውጪው ፈንታው

በገነተ ማርያም ዙሪያ ዕጣ የሚያወጣው ፈንታው ነው። የመስኖ ውኃ ተራም ሆነ የሣር ክፍፍል ሲመጣ ባለቤቶቹ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ የፍየል በጠጥ ቆብ ውስጥ ይጥላሉ፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ይቆያል። የማን ምን እንደሆነ ሳያውቅ አንድ በአንድ ያወጣል። «ዕጣ የእግዜር ነው» ይባላል። ሰው የሚያምነው ግን የፈንታውን እጅ እንደሆነ እኔ ጎረቤቱ አውቃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቱ ልጅ እሱባለው ከዩኒቨርሲቲ ለምርምር መጣ። ተራራው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የታጠሩ ቦታዎች ተዘጋጁ። ገሚሶቹ ጥንዶች ሰው በማያርሰው፣ ከብት በማይገባበት መተላለፊያ ይገናኛሉ፤ ገሚሶቹ ተነጣጥለው ይቀራሉ። ከዓመታት በኋላ የዕፅዋቱ ዓይነት የት እንደበዛ ይታያል።

«የትኞቹ እንደሚገናኙ እኔ ከመረጥኩ ላደላ እችላለሁ፤ እርስዎ ዕጣ ያውጡልኝ» አለው።

ፈንታው ደስታውን መደበቅ አቃተው። የተማረ ሰው የሱን እጅ ፈልጎ መጣ!

ምልክቶቹን ቆብ ውስጥ የጣለው፣ የቱ ምልክት የቱን ጥንድ እንደሚወክል የሚያውቀውም እሱባለው ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ባለቤቱ «ያቺ ጠጠር የኔ ናት» ብሎ ይመሰክራል፤ ተራራ ግን አፍ የለውም። ይህን ፈንታውም አላሰበ፣ እኛም አላሰብን። አንደኛው መተላለፊያ በመነን ማሳ በኩል ወጣ ተባለ። መነን ባሏ የሞተባት፣ ከዚያች የገብስ ማሳ ሌላ መሬት የሌላት ሴት ናት። «የአያ ፈንታው እጅ ካወጣው ምን እላለሁ?» ብላ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ የሰው አረም እያረመች ትኖራለች።

ዘንድሮ እሱባለው ውጤቱ አምሮለት አጎቱ ቤት ጠላ ሊጠጣ መጣ። እኔም ነበርኩ። ሞቅ ሲለው ሳቀ፦

«አጎቴ፣ ዕጣው እኮ የወጣው ለድንጋያማው ነበር። እዚያ ምን ይበቅላል? በመነን ማሳ በኩል ያለው ቀድሞም ለምለም ስለሆነ ቀየርኩት።»

«ታዲያ እኔን ለምን አስወጣኸኝ?»

«እርስዎ ካላወጡት መነን መሬቷን ትሰጣለች እንዴ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ደሜ ፈላ፤ ያን ልጅ በቆምኩበት ባንቀው በወደድኩ። ፈንታው ግን ዋንጫውን አስቀመጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስቦ ነገሩን አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። ሰዉ እሱባለውን የሚራገም መስሎት ነበር።

መነን ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። አልጮኸችም።

«አያ ፈንታው፣ እስከ ዛሬ ያወጡልን ዕጣ ሁሉስ?» አለችው።

ሰዉ ሁሉ መልሱን ሊሰማ ወደ እሱ ዞረ።