ያበራል፣ ያበራያል

መምህሩ በሰው ፊት ሳቀብኝ። ይህን ሸዋ ሮቢት ያለ ሁሉ ያውቃል። እኔ ያደረግሁበትን ግን እስከ ዛሬ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። አንተ የምታነበኝ፣ ስማኝ።

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ታደለ የሚባል ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አገልግሎት ልኮት፣ ከሥራ መልስ ገበሬውን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። የእሱ ሕልም ባሕር ማዶ ነው። ዓመቱን በሰላም ከጨረሰ፣ ሲንክሮትሮን የሚባል መሣሪያ ወዳለበት አገር ሊማር ይሄዳል። ትልቅ ቀለበት ነው አለን። ኤሌክትሮን የምትባል ዓይን የማያያት ቅንጣት በውስጡ ትጋልባለች፤ መንገዷ በታጠፈ ቁጥር ብርሃን ትረጫለች። ባለቤቶቹ መጀመሪያ ብርሃኑን እንደ ኪሳራ ቆጠሩት፤ የቅንጣቷን ጉልበት ይበላባቸዋልና። ኋላ ሌሎች መጡና በዚያው ብርሃን የነገሮችን ውስጥ ያዩበት ጀመር፤ የጨው ፍሬ ሳይቀር ውስጡ እንዴት እንደተደረደረ።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ኤሌክትሮን ሲዞር ያበራል» ብሎ ጻፈና እኔን አስነሳኝ። «ሲዞር» የሚለውን እንዳነበብኩ፣ ቀጣዩን ከዓይኔ ቀድሞ፣ አውድማ ላይ ከበሬ ኋላ ሲዞር የኖረው እግሬ አወቀው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያበራያል» አልኩ።

«ወላሂ፣ ጋሼ አበጋዝ በሬዎቹን ቀለበቱ ውስጥ አስገቧቸው!» አለ ጎረቤቴ ሰይድ። «ጭዱ ለኔ ላሞች ይሁን!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም ሳቀ። የሰይድን ሳቅ ቻልኩት። የእሱን አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ነኝ የሄድኩት፤ ማንም አልላከኝም። «መምህሩ፣ ብርሃንን የሚፈጥር ሰው ነው እንጂ እግዜር አይደለም ይላል» አልኩ። ብሏል? አላለም። አለማለቱን አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጤፍ ሳበራይ መምህሩ አውድማዬ ዳር መጥቶ ቆመ። ጀምበር አዘቅዝቃለች። በሬዎቹ እያንቀላፉ ይዞራሉ፤ እኔም ከኋላቸው፣ በሕልሙ እንደሚሄድ ሰው። ከሰኮናቸው የሚነሳው እብቅ ፀሐይ እየመታው ወደ ፊት ይስፈነጠራል። አንዳፍታ በሬዎቹ ጠፉብኝ። ክቡ ብቻ ቀረ፤ ክቡና ከክቡ የሚሸሸው ብርሃን። አውድማው ከመሬት ተነስቶ የተንሳፈፈ መሰለኝ።

«ጋሼ አበጋዝ» አለኝ፣ «ያነበቡት ልክ ነው። ያበራያል። በመሳቄ ይቅር ይበሉኝ።»

እኔ ምን አልኩ? በሬውን «ዙር!» አልኩት። ጭቃ ሹሙ ገና ወደ ወረዳ አልሄደም ነበር፤ ሮጬ ቃሌን ማንሳት እችል ነበር። አልሮጥኩም። ይቅርታው ጣፈጠኝና ማበራየቴን ቀጠልኩ።

ትምህርቱ ተዘጋ። መምህሩን ወረዳ ጠርቶ ከሥራ አገደው። የባሕር ማዶው ዕድል ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከሳሹ እኔ መሆኔ ታውቆ ለዕርቅ ሽማግሌ ፊት ስንቀርብ እንኳ እውነቱን አላወጣሁም። «ቃሉን ተሳስቼ ሰምቼው ነው» አልኩ። ያን ቀን ሳነብ ያየኝ ሁሉ አመነኝ። ማንም አልሳቀም። መምህሩ ብቻ ትክ ብሎ አየኝ። ውስጤ ድረስ አየኝ። ከዚያ «ይሁን፣ እግዜር ይፍታዎት» ብሎ እጄን ያዘ።

አልተሳሳትኩም። ዋሸሁ። ታርቃችኋል የተባልነው ሰኔ 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው።