የጠመንጃ ልብስ በበርበሬ ሚዛን

ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አጎቴ ጋሼ እንድሪስ፣ ጓደኛዬ ከድር። ከድር፣ ይህን ካነበብክ የረሳሁትን ጨምርበት።

ንጋት፣ አየር ጤና

ጋሼ ከወሎ የመጡት ለጠመንጃቸው ሞላ ፍለጋ ነው። ፈቃድ ያለው ቀላሉ የአደን ጠመንጃቸው አንዴ ከተኮሰ በኋላ ሁለተኛውን ጥይት በራሱ አልጎርስም ብሏል። በቆሎው እሸት ይዟል፤ ከርከሮ ደግሞ በአንድ ተኩስ አይደነግጥም። ጠመንጃውን አገር ቤት ቆልፈውበት፣ የወለቀውን ሞላና የጠመንጃውን የቆዳ ልብስ በፌስታል ይዘዋል። ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩት፣ ሲተኩሱም ከጠመንጃው የማያወልቁት ልብስ ነው፤ የነሐስ ፈርጥ ሊያስጨምሩበት ይፈልጋሉ።

ታክሲው ተስፈንጥሮ ሲነሳ ሁላችንም ወደ ኋላ ተለጠፍን።

«አባባ፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙ!» አለ ረዳቱ።

«አባባ አያትህን በል! እኔ ጋሼ ነኝ።»

ረፋድ፣ ተክለ ሃይማኖት

ሞላ ሻጩ ሞላውን ጨምቆ ለቀቀው። ዘሎ ተመለሰ።

«ይሄ ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነው። ሌላ አልሸጥልዎትም።»

ጋሼ ተከፉ። «ታዲያ በሽታው የት ነው?»

ዓምና አገር ቤት ሄጄ ጠመንጃውን ስፈታው ልብስ እንዳልነበረው፣ ያኔም በደንብ ይጎርስ እንደነበር ትዝ አለኝ።

በርበሬ በረንዳ

እያስነጠስን ልብሱን የበርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ሶፊያ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ፈርጡ ያብረቀርቃል።

«ጠመንጃ ነው ሙሽራ የዳራችሁት?» አሉ እትዬ ሶፊያ።

ከኪሎ አለፈ። ጠመንጃው ራሱ ሦስት ኪሎ አይሞላም።

«ጋሼ፣ የጠዋቱን ታክሲ ያስታውሱ» አልኳቸው። «ታክሲው ሲዘል እኛ ባለንበት ቀረን። ጠመንጃውም ሲተኩስ ወደ ኋላ ይዘላል፤ ውስጡ ያለው ከባድ መዝጊያ ግን ባለበት ይቀራል። በመሃል ሞላው ይጨመቃል። ሞላው ሲላቀቅ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቀለሁ ይወጣል፣ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። ታክሲው ጢም አድርጎ ቢጭንስ?»

«እያቃሰተ ነዋ የሚነሳው።»

«ልብሱ ጭነት ሆኖበታል። በደንብ ካልዘለለ ሞላው አይጨመቅም።»

ጋሼ ፌስታሉን እቅፍ አደረጉ። «ራቁቱን ልያዘው? አገሩ ምን ይለኛል?»

«በቆሎውን ከርከሮ ከበላው በኋላስ ምን ይልዎታል?» አለ ከድር።

ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከቀትር በኋላ፣ ራጉኤል አካባቢ

ቆዳ ሠሪው ልብሱን ዘርግቶ ብዙ አየው። «ፈርጡን ላውልቅ? እጄ እሺ አይለኝም!» ጋሼ ልብሱን አንዴ ዳሰሱት። በመጨረሻ ራሳቸው ቢላዋውን አቀበሉት፤ «ቅደደው። በቆሎው ይበልጣል» አሉ። ከቆዳው ሰፊ ቀበቶ ወጣ፤ ፈርጡ ሁሉ እሱ ላይ ሰፈረ። ጋሼ ታጥቀውት በራጉኤል በር ሲያልፉ ሱቅ ጠባቂዎች ቆመው አዩዋቸው። ደረታቸው ተነፋ።

በማግስቱ ወደ ወሎ ተሳፈሩ። ከቀናት በኋላ ስልክ ደወሉ።

«ጎረሰ! ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም!»

«ከርከሮውስ?»

«አምልጧል። ቀበቶዬ ሲንሿሿ ከሩቅ ሰምቶኝ ገና ሳልደርስ ሸሸ። የተኮስኩት በባዶ ሜዳ ነው። በቆሎው ግን አንድ ራስ አልተነካም።»