ለዶክተር ፀደንያ ያልተነገረው

ጋሽ ገረመው በአውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ መጋዘን ሲሠሩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ባለቤታቸው የሺመቤት ካረፈች ወዲህ ቦሌ ሚካኤል ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሊና ትዳሯ ሐዋሳ ነው፤ ሲመቻት ትደውላለች። ከዚያ ውጭ ረጋ ብላ የምታነጋግራቸው የሰፈሩ ክሊኒክ ሐኪም፣ ዶክተር ፀደንያ ብቻ ነበረች። የደም ግፊታቸውን ለክታ ከጨረሰችም በኋላ ሟች ባለቤታቸውን በስሟ እየጠራች ታጫውታቸዋለች።

ክረምቱ ሲገባ ጉልበታቸው አላራምድ አለ። ሊና ከሐኪም ጋር በስልክ ቪዲዮ የሚያገናኝ አገልግሎት ላይ አስመዘገበቻቸው።

ስልኩ ላይ ብቅ ያለው ወጣት ሐኪም፣ "ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አላቸው።

"የግፊት ኪኒን አለችኝ።"

"እንግዲያው ይህን ማስታገሻ ለጥቂት ቀን ብቻ ይውሰዱ። ለሐኪምዎም ይንገሩ።"

እሺ አሉ እንጂ ለዶክተር ፀደንያ አልነገሩም። ሌላ ሐኪም ጋ መሄዴን ብትሰማ ትቀየመኛለች ብለው ፈሩ።

ማስታገሻው ሲያልቅ ደግመው ደወሉ። አሁን የቀረበችው ሌላ ሐኪም ነበረች፤ እንዳትከለክላቸው የግፊቱን ነገር ሳያነሱ ቀሩ። ኪኒኑ ታዘዘላቸው። ከዚያ በኋላ ሳያማቸውም መደወል ለመዱ። "እንዴት ዋሉ?" የሚል ፊት ማየቱ ራሱ ደስ ይላቸው ነበር።

እግራቸው ማበጥ ጀመረ። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አዞራቸውና ግድግዳ ተደገፉ። ባለሱቁ አብዱልጀባር ደግፎ ክሊኒክ አደረሳቸው።

"ግፊትዎ በጣም ጨምሯል" አለች ዶክተር ፀደንያ። "አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ?"

መሬት መሬቱን እያዩ ሁሉንም ነገሯት።

"ያ ማስታገሻ ግፊት ይጨምራል፣ ጋሼ። በስልክ መታከምዎ አይከፋኝም። ግን ለምን ደበቁኝ?"

"እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው፣ ልጄ። አንቺም ከተቀየምሽኝ ማን አለኝ?"

ዶክተር ፀደንያ ማስታገሻውን አስቆመች፤ ለጉልበታቸው የሚቀባ ነገር አዘዘችና የስልክ ቁጥሯን ሰጠቻቸው።

"ከእነሱ ጋር በተነጋገሩ ቁጥር ምን እንዳዘዙልዎ ይጻፉልኝ። ለእነሱም የግፊቱን ነገር አይደብቁ።"

እብጠቱ ጎደለ። ለክትትል ሲደወልላቸው ለስልኩ ሐኪም ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ለዶክተር ፀደንያ ጻፉላት፦ "ዛሬ ሐኪም አነጋገረኝ። አዲስ መድኃኒት የለም።"

ወደ ማታ መልሷ መጣ፦ "ደርሶኛል፣ ጋሼ። ይበርቱ።"

ደጋግመው አነበቡት። ዝናቡ ማባራቱን ሊጽፉላት ጀመሩና፣ በሽተኛ እያየች ይሆናል ብለው አጠፉት።