በሩ ላይ የዞረው ቃሬዛ

ያን ዕለት ጠዋት... በመስኮት ስመለከት ቃሬዛ የተሸከሙ ገበሬዎች ከሆስፒታሉ በር ፊት ድንገት ቆሙ። አወረዱት። አንድ ሽማግሌ የተኛውን ልጅ ፊት በጋቢ ሸፈኑት። ከዚያ ቃሬዛውን አንሥተው ወደ መጡበት አዞሩት።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ አሰላ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የጉዳተኞች መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። በአካባቢያችን ልማድ በሽተኛ መንገድ ላይ ካረፈ ቃሬዛው ከዚያው ይመለሳል። ሬሳ ይዞ ሐኪም ቤት የሚገባ የለም።

ሮጬ ወጣሁ።

«አባቴ፣ ይግቡ እንጂ! ደረሳችሁ እኮ!»

«እኛስ ደረስን... እሱ ቀደመን።»

የሁሩታ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ስንዴ ሲያበራይ ፈረስ ረግጦት ነው። ስሙን ጠይቄ ገባሁና መዘገብኩት።

አለቃዬ አየና ተቆጣ።

«በር ያልገባ የእኛ በሽተኛ አይደለም። ሰርዘው!»

«አልሰርዝም።»

«ነገ ደግሞ በየመቃብሩ እየዞርክ ትመዘግባለህ?»

«ፈረስ የረገጠው ሰው ነው። በር ላይ ስለሞተ አልተጎዳም ይባላል?»

ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ። አልሰረዝኩም።

ወራት አልፈው ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። ከስተዋል።

«ገበሬ ማኅበሩ ‹ልጅህ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽቷል፤ ካላመጣኸው ታናሹ ይሄዳል› አለኝ። ቀባሪዎቹ ቢመሰክሩ ‹ዘመዶችህ ናቸው› ብለው አላመኑም።»

መዝገቡን ገልጬ አለቃዬ ፊት አስቀመጥኩት። ሰርዘው ያለኝን መስመር አንብቦ የሞቱን ማስረጃ ፈርሞ ማኅተም መታበት።

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ብብታቸው ከተቱ። ታናሹ ልጅ ተረፈ። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከለከልኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ልጄ... የጎረቤቴንም ልጅ በሬ ወግቶት ይዘነው ስንመጣ ወንዙ ጋ አረፈብን። ከዚያው መለስነው። እሱንስ ጽፈኸው ይሆን? ወንድሙን በእሱ ፈንታ ወስደውታል።»

መዝገቡን እንደገና ገለጥኩት፤ የወንዙ ልጅ የለበትም።

ዛሬም ‹የትኛው ጉዳተኛ ይመዝገብ?› የሚል ክርክር በሐኪሞች መካከል በሰማሁ ቁጥር ወንዙ ዳር ቃሬዛ ሲዞር ይታየኛል። ፊቱ ተሸፍኗል... ስሙን አላውቀውም።

እኔ የወጣሁት እስከ በሩ ነው። ወንዙ ድረስ የወረደ መዝገብ ግን እስካሁን አላየሁም።