መሀል የማይተኛው ስለት

ባባ ከልጆቹ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ሰንጢውን ነው። ባባ የምለው አሠሪዬን ነው። እዚህ ሪያድ የቤት ሠራተኛ ሁሉ የቤቱን ጌታ እንደዚያ ነው የምትጠራው፣ ሚስቱን ደግሞ ማዳም። መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር፤ አሁን ሳላስበው ነው የሚወጣው፣ ያ ደግሞ ይብሳል።

ሰንጢው ከውጭ በትእዛዝ የመጣ ነው። እጀታው ቲታኒየም፣ ስለቱ ፀጉር የሚላጭ። በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ብርዱ ሲመጣ ቤተሰቡ በየሳምንቱ በረሃ ይወጣል፤ ከሽታ ይሉታል። እዚያ በግ ይታረዳል፣ በዚሁ ሰንጢ ይበለታል፣ ከዚያ ዕቃው ሁሉ አሸዋና ጮማ ተለውሶ ወደኛ ይመጣል።

የማዳም ሕግ አንድ ነው፤ ከበረሃ የመጣ ዕቃ በሙሉ በረኪና ውስጥ ይዘፈዘፋል። አብራኝ የምትሠራው ምግብ አብሳይ፣ በዕድሜ ከኔ ከፍ የምትል የወሎ ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ሰንጢውንም ከሹካውና ከማንኪያው ጋር ዘፈዘፈችው። ጠዋት ስታወጣው አልከፈት አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ! ይሄ ነገር ጥርሱን ነክሷል» አለችኝ።

«በረኪና ውስጥ ከተትሽው?»

«ታዲያ በወተት ልጠበው? ሕጉ ነዋ! ያረቢ፣ ባባ ካየው ዛሬውኑ ተርሂል ነኝ።»

ተርሂል ማለት ከአገር መባረር ነው። በቀልድም በምርም ከአፋችን አትጠፋም።

«ስጪኝ፣ እፈታዋለሁ» አልኳት።

«አንቺ? ድስት ማጠብ መቼ ቻልሽና!»

ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቅኩት። ጋዋን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ፣ ከዚያ በየሄድኩበት «ልምድ አለሽ?» ሲሉኝ ከረሙ፣ ከዚያ እዚህ ሪያድ፣ ሺፋ የሚባል ሰፈር መጥቼ የሰው ሽንት ቤት አጥባለሁ። ይኸው ነው ታሪኩ፣ ላሳምረው አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። የባባ ወንድም ሱለይ የሚባል ሰፈር ውስጥ የውሃ ፓምፕ የሚጠገንበት ጋራዥ አለው። ባባ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ወደ ወንድሙ ቢያዛውርልኝ እዚያ ዕቃ ክፍል ቁጭ ብዬ መለዋወጫ ብለይም ይበቃኝ ነበር። ጠይቄዋለሁ። «ኢንሻአላህ» አለኝ። እሺም ያልሆነ፣ እምቢም ያልሆነ ኢንሻአላህ።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነጭ ፎጣ አነጠፍኩ። ሰንጢው በመጣበት ሳጥን ውስጥ ጫፏ እንደ ኮከብ የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ አለች። ዋናው ብሎን እምቢ አለኝ፤ እንዳይላላ ሙጫ ተቀብቶበታል። በጉልበት ብታገለው ጭንቅላቱ ይበላል። የማዳምን ፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ አሞቅኩት፣ ሙጫው ለስለስ ሲል ዞረልኝ። እጀታው ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ አሸዋ፣ የረጋ ጮማ፣ ጀማሪ ዝገት። ከስለቱ ግራና ቀኝ እንደ ወረቀት የሳሱ ሁለት የነሐስ ሮንዴላዎች አሉ፤ ስለቱ ከእጀታው ጋር እንዳይፋጭ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ሁሉንም በአልኮል ጠረግኩ፣ ቀዳዳዎቹን በጆሮ ጥጥ፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩ።

ከባዱ መግጠሙ ነው። ብሎኑ ከጠበቀ ስለቱ ይንቀራፈፋል፣ ከላላ ይወላገዳል። ሲታጠፍ ደግሞ ከሁለቱም ጎን እኩል ርቆ መሀል መተኛት አለበት። ወደ አንዱ ካዘመመ ገጠምኩት አትበሉ። ትንሽ ማጥበቅ፣ ትንሽ ማላላት፣ ወደ መብራት ይዞ ማየት። መሀል ተኛ። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ራሴን የመሰልኩት ያን ቀን ነው።

ምግብ አብሳይዋ ቦታው እንድመልሰው ለመነችኝ፣ እኔ ግን ይዤው ባባ ጋ ሄድኩ። የበረኪናውን ነገር ዋጥ አድርጌ «ተጣብቆ ነበር፣ ፈትቼ ሠራሁት» አልኩት። ሲከፍተው ዓይኑ በራ።

«ማሻአላህ! አንቺ?»

«ኢንጂነር ነኝ ብዬህ ነበር እኮ። የሱለዩስ ነገር?»

«ኢንሻአላህ፣ ያ ሙሀንዲሳ!»

ሙሀንዲሳ በነሱ ኢንጂነር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ እየሳቀ እንደዚያ ይጠራኝ ጀመር። «ሙሀንዲሳ፣ ሽንት ቤቱ!» «ሙሀንዲሳ፣ ሕፃኑ አስመለሰው!»

ጓደኞቹም ሰሙ። ከሽታ ሲደርስ ሰንጢያቸው በፌስታል ይመጣ ጀመር። ሌላው ሥራ አልተቀነሰልኝም፣ ሰንጢ ተጨመረበት እንጂ። እኔ ግን እያንዳንዷን መሀል አስተኛሁ፣ እያንዳንዷን ሳስረክብ ስለ ሱለይ ጠየቅኩ። ኢንሻአላህ።

«በገዛ እጅሽ ነው፣ እህቴ» አለችኝ ምግብ አብሳይዋ። «እኔ ሩዙን አንዳንዴ ሆን ብዬ ነው የማሳርረው። ጥሩ ሲሆን እንግዳ ይበዛል።»

አንድ ሐሙስ ባባ ለበረሃ እየተዘጋጀ የራሱን ሰጠኝ። ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ አልገጠምኩትም። ክፍልፋዩን በሙሉ እንደ ሻይ ስኒ ትሪ ላይ ደርድሬ ሳሎን ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ያላ፣ ግጠሚው እንጂ!»

«ለወንድምህ ደውልለት። ዝውውሩ ይጀመርልኝ፣ እገጥመዋለሁ።»

«ሰማሃት ምላሷን?» አለች ማዳም።

ለቁጣ ነበር የተዘጋጀሁት። ባባ ግን ሳቀ፣ ከልቡ ሳቀ። «አንቺን ለወንድሜ ሰጥቼ ለኔ ማን ይሠራልኛል? እጅሽ ወርቅ ነው እኮ!» አለና ክፍልፋዩን በሶፍት ጠቅልሎ ተነሳ። «ገበያ ይገጥሙልኛል።»

ትሪው ላይ አንዷ ሮንዴላ በዘይቱ ተጣብቃ ቀርታለች። ያለሷ ብረት ከብረት እየተፋጨ ሰንጢው ይበላሻል። ምግብ አብሳይዋ ከኩሽና በር ላይ ሆና አይታለች፤ ራሷን እየነቀነቀች ተይው፣ ተይው ትለኛለች። ዝም ማለት ነበረብኝ። ሮጬ በር ላይ ደረስኩበት።

«ይቺ ቀርታ ነበር። ያለሷ ይፋጫል።»

«ሹክራን፣ ሙሀንዲሳ።»

«ጅል ነሽ፣ ጅል!» አለችኝ ምግብ አብሳይዋ ስመለስ።

«ሰንጢው ምን አደረገ?» አልኳት።

ከበረሃ ሲመለሱ መጀመሪያ ያየሁት ሰንጢውን ነው። የገበያው ሰው በማይሆን ካቻቢቴ ታግሎት የብሎኑ ጭንቅላት ተበልቷል። ስለቱ ሲታጠፍ ወደ ግራ አዝሞ እጀታውን ይነካል። ባባ ተናድዶ እስኪጠራኝ ጠበቅኩ፤ አልዋሽም፣ ጓጉቼ ነበር። እሱ ግን ሳሎን በዚያው ሰንጢ ሐብሐብ እየቆረጠ ለልጆቹ ያድላል፤ ይከፍተዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይከፍተዋል።

«እንዴት ሆነልህ?» አልኩት።

«ሚያ ሚያ!» መቶ በመቶ ማለቱ ነው። ከዚያ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «በነገራችን ላይ የሱለዩ ነገር ኸላስ፣ አበቃ፣ ወንድሜ ሰው ቀጥሯል» አለኝና ሐብሐቡን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። እምቢ ይባላል እንዴ?

የጓደኞቹም ሰንጢ ወደዚያው ገበያ መሄድ ጀመረ። ልዩነቱ የታየው ሰው የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያን ያዘመመ ስለት ባጠብኩት ቁጥር የማየው።

ባለፈው ከሽታ ዕቃው መጥቶ ተራገፈ። ምግብ አብሳይዋ ሰንጢውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «ይሄንንስ ምን ላድርገው?» አለችኝ።

«ሕጉ ምን ይላል?» አልኳት።

በረኪናው ውስጥ ጣለችው።